የቤተሰብ ዕረፍት ዋጋ በመዝናኛ ሥፍራዎች ታሪክ፤ ከቮክስሆል እስከ ሻንግሃይ

መግቢያ

የሰው ልጅ ከሥራው ዐርፎ ከልጆቹ ጋራ የሚጫወትበት ቀን እንዲኖረው መፈለጉ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ይህ ዕረፍት በአጥር ተከቦ፣ በር ተሠርቶለት፣ በቲኬት የሚሸጥ ዕቃ መሆኑ ነው። ዕቃ ከሆነ ዘንድ ዋጋ አለው፤ ዋጋ ካለው ደግሞ የሚገዛውና ከበሩ የሚመለሰው ይለያል። ስለዚህ የመዝናኛ ሥፍራ የመግቢያ ዋጋ ታሪክ ተራ የገበያ ወሬ ሳይሆን፣ በየዘመኑ ማን ለዕረፍት እንደበቃና ማን እንዳልበቃ የሚያሳይ የማኅበራዊ ኑሮ ታሪክ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታላላቅ የመዝናኛ መናፈሻዎች በልዩ ልዩ አገሮች ከአንድ ቤተሰብ የጠየቁትን ወጪ ማነጻጸር ነው። እንዲህ ያለው ንጽጽር በተለምዶ የሚደረገው የየአገሩን ገንዘብ ወደ ዶላር በመለወጥ ነው። ዳሩ ግን ይህ ሚዛን ለመንገደኛው እንጂ ለአገሩ ሰው አይሠራም። የጃፓኑ ሠራተኛ ደሞዙን የሚቀበለው በየን፣ የቻይናው በዩዋን ነው። ለወላጅ ቁም ነገሩ ዋጋው ስንት ዶላር መሆኑ ሳይሆን ስንት ሰዓት ሠርቶ እንደሚከፍለው ነው። ስለሆነም ከዚህ በታች፣ የደሞዙ ልክ በታወቀበት ሁሉ፣ ዋጋውን በሥራ ሰዓት እንመዝነዋለን። ቤተሰብ ስንል ሁለት ዐዋቂዎችና ሁለት ሕፃናት ማለታችን ነው። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

፩. የአንድ ሽልንግ በር

በሎንዶን ከተማ በቴምዝ ወንዝ ዳር የነበረው የቮክስሆል አትክልት ሥፍራ፣ ከ1730ዎቹ ጀምሮ በጆናታን ታየርስ አስተዳደር በአውሮፓ የታወቀ ሆነ። መግቢያው አንድ ሽልንግ ነበር። ይህም ዋጋ እስከ 1792 ድረስ ጸንቶ ቆይቶ በዚያ ዓመት ወደ ሁለት ሽልንግ ከፍ አለ። አንድ ሽልንግ ለባለጸጋው ምንም አልነበረም፤ በዚያ ክፍለ ዘመን በሎንዶን የቀን ሠራተኛው በቀን የሚያገኘው ግን ሁለት ሽልንግ ግድም ነበር። አራት ሰዎች ይዞ ቢገባ የሁለት ቀን ድካሙን በበሩ ላይ ጥሎ ያልፋል ማለት ነው። ምግብና መጠጥም ለብቻው ይከፈልበት ነበር። በውስጥ የሚሸጠው የአሳማ ሥጋ ከመሣሣቱ የተነሣ ጋዜጣ ያስነብባል እየተባለ ይቀለድበት እንደነበረ የታወቀ ነው። በበሩ ርካሽ መስሎ በውስጥ ማስከፈል እንግዲህ የቆየ ብልሃት ነው።

በቪየና ያለው ፕራተር የሌላ መንገድ ምሳሌ ነው። ይህ ሥፍራ የነገሥታት አደን መሬት ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ በ1766 ለሕዝብ ከፈተው። በር ላይ ክፍያ የለም፤ የሚከፈለው ለየመጫወቻው ነው። ታላቁ መንኰራኵር የተተከለው በ1897 ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ከልጁ ጋራ ገብቶ በዛፍ ጥላ ሥር ቢውል የሚከለክለው አልነበረም።

በኮፐንሃገን የሚገኘው ቲቮሊ ደግሞ በሁለቱ መካከል ነው። ጌኦርግ ካርስተንሰን ከንጉሥ ክርስቲያን 8ኛ ፈቃድ አግኝቶ በነሐሴ 15 ቀን 1843 ከፈተው። መግቢያው አንድ፣ መጫወቻው ሌላ ዋጋ ሆኖ ተለይቶ የሚከፈልበት ልማድ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ይህ ልማድ ለቤተሰብ አንድ ጥቅም አለው። አያት በመቀመጫ ተቀምጣ ሙዚቃ ስትሰማ የምትከፍለው ለመግቢያው ብቻ ነው፤ በባቡሩ የሚሽከረከረው ልጅ የራሱን ይከፍላል።

፪. ኮኒ አይላንድ፤ የሠራተኛው እሑድ

በአሜሪካ ታሪኩ የተለወጠው በኒው ዮርክ ባሕር ዳርቻ ነው። በኮኒ አይላንድ ፖል ቦይተን በ1895 መጫወቻዎቹን በአጥር ከቦ በበር የሚያስከፍል መናፈሻ ከፈተ። በ1897 ጆርጅ ቲልዩ ስቲፕልቼዝ የተባለውን አቋቋመ። በ1903 ሉና ፓርክ በሩብ ሚሊዮን የኤሌክትሪክ አምፑል አሸብርቆ ሲከፈት የመግቢያው ዋጋ 10 ሳንቲም ነበር። ቲልዩ በበኩሉ በ25 ሳንቲም 25 መጫወቻዎችን የሚያስገባ አንድ የተጠቃለለ ቲኬት ይሸጥ ነበር። በዚያን ጊዜ የፋብሪካ ሠራተኛው በሰዓት 20 ሳንቲም ግድም ያገኝ ስለነበረ፣ አራት የተጠቃለለ ቲኬት የሚገዛ ቤተሰብ አምስት ሰዓት ያህል የሥራ ደሞዝ ያወጣ ነበር። በ1920 የምድር ውስጥ ባቡር በ5 ሳንቲም ኮኒ አይላንድ ድረስ ሲደርስ የጉዞው ወጪም ረከሰ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም በየእሑዱ ወደ ባሕሩ ጐረፈ።

የቲልዩን የነጋዴነት ጠባይ የሚያስረዳ አንድ ነገር አለ። በ1907 መናፈሻው በእሳት ሲጋይ፣ ሰውየው ገና የሚጤሰውን ፍርስራሽ ለማየት ለሚመጣው ሰው በ10 ሳንቲም መግቢያ ሸጠ።

ነገር ግን በሩን የሚዘጋው ዋጋ ብቻ እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም። በብዙ የአሜሪካ መናፈሻዎች ጥቁር አሜሪካዊ ገንዘቡን በእጁ ይዞ እንኳ አይገባም ነበር። በዋሽንግተን አጠገብ በሚገኘው ግሌን ኤኮ በ1960 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በበሩ ላይ ሰልፍ አድርገው ቆሙ፤ በ1961 መናፈሻው ለሁሉም ተከፈተ። በባልቲሞር ያለው የጉዊን ኦክ መናፈሻ የተከፈተው በነሐሴ 28 ቀን 1963፣ ማለት ታላቁ የዋሽንግተን ሰልፍ በተደረገበት በዚያው ቀን ነው። ስለዚህ የቲኬት ዋጋን ስናነጻጽር፣ ርካሹ ዋጋ ለማን እንደረከሰ አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

፫. የሳምንት ዕረፍት በሳምንት ደሞዝ

ቤተሰብ ለአንድ እሑድ ሳይሆን ለሳምንት እንዲያርፍ ሁለት ነገሮች ያስፈልጉት ነበር፤ አንደኛው ከደሞዝ ጋራ የሚሰጥ ዕረፍት፣ ሁለተኛው አስቀድሞ የታወቀ ወጪ ነው። በፈረንሳይ አገር የሕዝባዊ ግንባር መንግሥት በ1936 ለሠራተኛው የሁለት ሳምንት ዕረፍት ከነደሞዙ አወጀ፤ ሌኦ ላግራንዥም የባቡር ዋጋ በመቶ 40 የሚቀነስለት የዕረፍት ቲኬት አስገኘ። በእንግሊዝ አገር ተመሳሳይ ሕግ በ1938 ወጣ።

በዚያው በ1936 ቢሊ በትሊን በስኬግነስ የባሕር ዳርቻ የዕረፍት ሰፈሩን ከፈተ። መኝታ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብና ጨዋታው ሁሉ ተጠቃሎ ለአንድ ሰው በሳምንት ከ35 ሽልንግ እስከ 3 ፓውንድ ነበር። ዝቅተኛው ሰው በማይበዛበት ወራት፣ ከፍተኛው በበጋው ዋና ጊዜ ነው። በትሊን የሳምንት ዕረፍት በሳምንት ደሞዝ ይገኛል ብሎ አስተዋወቀ። ይሁን እንጂ ዋጋው የሚቈጠረው በሰው ስለሆነ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሠራተኛ አንድ የሳምንት ደሞዝ አይበቃውም ነበር። የሆነ ሆኖ አባወራው ከቤቱ ሳይወጣ ጠቅላላ ወጪውን ማወቁ ታላቅ ነገር ነው። ዋጋ እንደ ወራቱ መለያየቱም የዘመናችን ፈጠራ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

፬. አናሃይም በ1955

ዋልት ዲዝኒ በካሊፎርኒያ በአናሃይም ከተማ በ160 ኤከር መሬት ላይ ያሠራው ዲዝኒላንድ በሐምሌ 17 ቀን 1955 ተከፈተ። ወጪው ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር፤ ከገንዘቡ ከፊሉን ኤቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ 500,000 ዶላር በማግባትና ለ4.5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ዋስ በመሆን አግዟል። መግቢያው ለዐዋቂ 1 ዶላር፣ ለሕፃን 50 ሳንቲም፣ ለመኪና ማቆሚያ 25 ሳንቲም ነበር። ለየመጫወቻው ተለይቶ ይከፈል ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መግቢያውንና ስምንት መጫወቻዎችን የያዘ የቲኬት ደብተር ለዐዋቂ በ2.50፣ ለሕፃን በ1.50 ዶላር መሸጥ ጀመረ። መጫወቻዎቹ በፊደል ደረጃ ተከፋፈሉ፤ አራተኛው ደረጃ በ1956፣ አምስተኛውና ውዱ በ1959 ተጨመረ።

ሁለት ዐዋቂዎችና ሁለት ሕፃናት ደብተሩን ቢገዙና መኪናቸውን ቢያቆሙ 8.25 ዶላር ይከፍላሉ። በዚያ ዓመት የፌዴራሉ መንግሥት የወሰነው ዝቅተኛ ደሞዝ በሰዓት 75 ሳንቲም ስለነበረ፣ ይህ የ11 ሰዓት ሥራ ነው። ከኮኒ አይላንዱ አምስት ሰዓት ጋራ ሲተያይ ከእጥፍ ይበልጣል። እርግጥ ነው፤ የፋብሪካው ተራ ደሞዝና በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ ደሞዝ አንድ ዓይነት መለኪያ ስላይደሉ ቍጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። አዲሱ መናፈሻ የተሠራው በ5 ሳንቲም ባቡር ለሚመጣው ሳይሆን መኪና ላለው ቤተሰብ ነበር።

የተጠቃለለ ዋጋ በሌላ ቦታ ተመለሰ። በ1961 በቴክሳስ የተከፈተው ሲክስ ፍላግስ በር ላይ አንድ ጊዜ 2.75 ዶላር አስከፍሎ በውስጥ ያለውን መጫወቻ ሁሉ ፈቀደ። ዲዝኒላንድ የቲኬት ደብተሩን የተወው በ1982 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የቀኑ ቲኬት 12 ዶላር ነበር።

፭. ማታውን ስለ መግዛት

የመዝናኛ ሥፍራ ታሪክ ከዚህ በኋላ የሆቴል ታሪክ ይሆናል። በአናሃይም የዲዝኒላንድ ሆቴል የተባለውን የሠራው ዲዝኒ ሳይሆን ጃክ ራዘር የተባለ ባለሀብት ነበር፤ በዙሪያው ያለውንም መሬት ሌሎች ነጋዴዎች በሆቴልና በምግብ ቤት ሞሉት። ቤተሰቡ ቀኑን በዲዝኒ ዘንድ ይውላል፤ ማታ ግን ገንዘቡን ለሌላ ይሰጣል። ከዚህ ትምህርት የተነሣ ኩባንያው በ1960ዎቹ በፍሎሪዳ ማንነቱን ደብቆ ከ27,000 ኤከር በላይ መሬት ገዛ። ዋልት ዲዝኒ በ1966 ቢሞትም ሥራው ቀጥሎ በጥቅምት 1 ቀን 1971 ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ተከፈተ። የዐዋቂ መግቢያ 3.50 ዶላር ነበር፤ ሁለት የኩባንያው ሆቴሎችም ከመናፈሻው ጋራ አብረው ሥራ ጀመሩ።

ለቤተሰብ ወጪ ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። እስከዚያ ድረስ የበሩ ዋጋ ዋናው ወጪ ነበር። ከዚያ ወዲያ መኝታ፣ ምግብና ጉዞ ተጨምረው የቀኑ ሽርሽር የሳምንት ዕረፍት ሆነ፤ አንዱ ኩባንያም ከቍርስ እስከ መኝታ ድረስ ሻጭ ሆነ።

፮. ቶኪዮና ፓሪስ

ቶኪዮ ዲዝኒላንድ በሚያዝያ 15 ቀን 1983 ተከፈተ። ባለቤቱ ኦሪየንታል ላንድ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ የአሜሪካው ኩባንያ የሚያገኘው ከመግቢያው በመቶ 10፣ ከምግብና ከሸቀጥ በመቶ 5 ነበር። የቀኑ ቲኬት ለዐዋቂ 3,900 የን ነበር። የጃፓኑ ኩባንያ የራሱን የመጀመሪያ ሆቴል የከፈተው መናፈሻው 17 ዓመት ከቆየ በኋላ በ2000 ነው።

በፓሪስ አጠገብ ግን የፍሎሪዳው ትምህርት ያለ ልኩ ተሠራበት። ዩሮ ዲዝኒ በሚያዝያ 12 ቀን 1992 ሲከፈት 5,200 ያህል መኝታ ክፍሎች ያሏቸው ስድስት ሆቴሎች ተዘጋጅተው ነበር። የመግቢያው ዋጋ ለዐዋቂ 225፣ ለሕፃን 150 ፍራንክ ነበር። 225 ፍራንክ በጊዜው ምንዛሪ ከ40 ዶላር በላይ ሲሆን፣ በአሜሪካ የኩባንያው መናፈሻዎች ቲኬት ከ35 ዶላር አይበልጥም ነበር። ለአራት ሰው ቤተሰብ በድምሩ 750 ፍራንክ ይሆናል። የፈረንሳይ ዝቅተኛ ደሞዝ በዚያ ጊዜ በሰዓት 33 ፍራንክ ግድም ስለነበረ፣ ይህ ከ22 ሰዓት በላይ የሚወስድ ሥራ ነው።

ከፓሪስ የሚነሣው ባቡር በመናፈሻው በር ላይ ያወርድ ስለነበረ ብዙው ቤተሰብ ጧት መጥቶ ማታ መመለስን መረጠ፤ ምግቡንም ከቤቱ ይዞ የሚመጣ ነበረ። በ1993 የሒሳብ ዓመት ኪሳራው 5.3 ቢሊዮን ፍራንክ ደረሰ። በ1994 ባንኮችና የሳዑዲው ልዑል አልወሊድ ባደረጉት ድጋፍ ኩባንያው ከመዝጋት ዳነ። በ1995 የመግቢያው ዋጋ ከ250 ወደ 195 ፍራንክ ወረደ፤ በዚያም ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፍ ተገኘ። ትርፉ የመጣው በዋጋው መቀነስ ብቻ አይደለም፤ የዕዳው ወለድ መቃለሉም ረድቷል። ቢሆንም ቤተሰብ ዋጋን ሲመዝን ዝም ብሎ የሚቀበል አለመሆኑን የፓሪስ ታሪክ ያስረዳል።

፯. ሆንግ ኮንግና ሻንግሃይ

የሆንግ ኮንግ ዲዝኒላንድ በመስከረም 12 ቀን 2005 ተከፈተ። በዚያ ጊዜ ትልቁን ድርሻ፣ ማለት በመቶ 57፣ የያዘው የሆንግ ኮንግ መንግሥት ነበር። የዐዋቂ ቲኬት በተራ ቀን 295፣ በሰንበትና በበዓል 350 የሆንግ ኮንግ ዶላር ነበር፤ ይህም በአሜሪካ ገንዘብ 38ና 45 ዶላር ያህል ነው። በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደሞዝ በሆንግ ኮንግ የጀመረው በ2011 ስለሆነ በዚህ መለኪያ ሊመዘን አይችልም።

የሻንግሃዩ ግን ሊመዘን ይችላል። በሰኔ 16 ቀን 2016 ሲከፈት በተራ ቀን ለዐዋቂ 370፣ ለሕፃን 280 ዩዋን ነበር፤ ሰው በሚበዛበት ቀን ለዐዋቂ 499 ይደርስ ነበር። አራት ሰዎች በተራ ቀን 1,300 ዩዋን ይከፍላሉ፤ ይህም 197 ዶላር ያህል ነው። አሜሪካዊው ይህን ሲሰማ ርካሽ ነው ይላል። ነገር ግን በዚያ ዓመት በሻንግሃይ የሰዓት ዝቅተኛ ደሞዝ 19 ዩዋን ነበርና፣ ለመግቢያ ብቻ 68 ሰዓት መሥራት ያስፈልግ ነበር። አንድ ልጅ ብቻ ያለው ቤተሰብ እንኳ 1,020 ዩዋን ይከፍላል፤ የወሩ ዝቅተኛ ደሞዝ ደግሞ 2,190 ዩዋን ነበር። ወደ ግማሽ ይጠጋል ማለት ነው።

፰. በአንድ ሚዛን ላይ

አሁን የዘመናችንን ዋጋ እንጨምርና እንመልከት። በ2025 የካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ ዝቅተኛ የቀን ቲኬት ለዐዋቂ 104፣ ለሕፃን 98 ዶላር ነበር፤ ለቤተሰቡ በድምሩ 404 ዶላር ይሆናል። በቶኪዮ በ2024 ዝቅተኛው ለዐዋቂ 7,900፣ ለሕፃን 4,700 የን ሲሆን፣ ድምሩ 25,200 የን ነው። አንዱን ዶላር በ150 የን ብንመነዝር 168 ዶላር ያህል ይሆናል። በዶላር ሚዛን እንግዲህ ቶኪዮ ከካሊፎርኒያ ከግማሽ በታች ነው።

በሥራ ሰዓት ሲመዘን ግን የሚከተለውን እናገኛለን፤

ካሊፎርኒያ በ1955፦ 8.25 ዶላር፣ 11 ሰዓት።
ፓሪስ በ1992፦ 750 ፍራንክ፣ ከ22 ሰዓት በላይ።
ሻንግሃይ በ2016፦ 1,300 ዩዋን፣ 68 ሰዓት።
ቶኪዮ በ2024፦ 25,200 የን፤ በከተማው ዝቅተኛ ደሞዝ በሰዓት 1,163 የን ሲታሰብ 22 ሰዓት ያህል።
ካሊፎርኒያ በ2025፦ 404 ዶላር፤ በግዛቲቱ ዝቅተኛ ደሞዝ በሰዓት 16.50 ዶላር ሲታሰብ 24 ሰዓት ተኩል።

በዶላር እጅግ የተራራቁት ቶኪዮና ካሊፎርኒያ በሥራ ሰዓት ጎን ለጎን መቆማቸውን፣ በዶላር ርካሽ የመሰለው ሻንግሃይም ከሁሉ ውድ ሆኖ መገኘቱን ልብ ይሏል። በካሊፎርኒያ የ1955ቱ ደብተር ስምንት መጫወቻ ብቻ ሲይዝ የ2025ቱ ቲኬት ሁሉንም እንደሚያስገባ ማስታወስ ፍትሕ ነው። በሌላ በኩል የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደሞዝ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ ስለቆመ፣ በዚህ ደሞዝ ለሚኖር የሌላ ግዛት ሠራተኛ 404 ዶላር ከ55 ሰዓት በላይ ሥራ ነው። ያውም በዝቅተኛው ቀን ነው። በ2025 መጨረሻ ሰው በሚበዛበት ቀን የአንድ ዐዋቂ ቲኬት ብቻ 224 ዶላር ደርሶ ነበር። የተማሪ ቤት የሚዘጋውም በእነዚህ ውድ ቀኖች ነው፤ ስለዚህ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ርካሹን ቀን መምረጥ የሚችለው በጥቂቱ ነው።

በመጨረሻ የማይታለፍ ነገር አለ። በ1955 ባለጸጋውም ድኻውም ከበሩ ካለፉ በኋላ በአንድ ተራ ይቆሙ ነበር። በ1999 የመጣው የተራ መያዣ ቲኬት ሳይከፈልበት ለሁሉም ይሰጥ ነበር። በ2021 ግን በአሜሪካ መናፈሻዎቹ ይህ ቀርቶ ተራ የሚያሳጥረው ፈቃድ በገንዘብ መሸጥ ጀመረ። የተጠቃለለው ዋጋ ያስቀረውን የውስጥ ክፍያ ይህ በሌላ መልክ መለሰው። ያን ጊዜ የሚሸጠው መጫወቻው ነበር፤ አሁን የሚሸጠው ጊዜ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ሦስት ነገሮችን መደምደም ይቻላል። አንደኛ፣ የመዝናኛ ሥፍራ ዋጋ በሁለት መንገዶች መካከል ሲመላለስ ኖሯል፤ አንዱ በበር ጥቂት አስከፍሎ በውስጥ መሸጥ ነው፣ ሌላው በበር ጠቅልሎ ማስከፈል ነው። ወጪውን አስቀድሞ ማወቅ ለሚፈልግ ቤተሰብ ሁለተኛው ይሻለዋል። ሁለተኛ፣ መናፈሻው ሆቴልን ከጨመረ ወዲህ የበሩ ዋጋ ብቻውን የዕረፍቱን ወጪ አያሳይም። ሦስተኛ፣ አገርን ከአገር ለማነጻጸር ምንዛሪ የሚያሳስት ሚዛን ነው። እኛም 404 ዶላር ሰምተን በብር አባዝተን ብንደነቅ፣ ሻንግሃይን ርካሽ ካለው ሰው የተለየ ሥራ አልሠራንም። ያ ገንዘብ የሚከፈለው በብር ከሚገኝ ደሞዝ አይደለምና።

የዋጋ ዝርዝር በየመዝገቡ ይገኛል፤ ከጎኑ የደሞዙን ዝርዝር ማስቀመጥ ግን የተመራማሪው ፋንታ ነው። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ሲነበቡ አንድ ወላጅ ልጆቹን ለአንድ ቀን ለማስደሰት ስንት ቀን ከእነሱ ተለይቶ እንደሚሠራ ይታያል። የዕረፍት እውነተኛ ዋጋ ይህ ነው።